የሹፌር ሰሃን

የእህቴን ባል ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ። ከጀርባው ግን እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ «ሃያ ደቂቃ» ነው የምለው። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ለምሳ ሲያቆም ሞተሩን ያጠፋና ፊቱን እንኳ ሳያዞር በመስታወት እያያቸው «ሃያ ደቂቃ!» ይላል። ከዚያ ያልደረሰውን ጥሎ ይሄዳል። አሮጊት ጥሎ ሄዷል፣ እርጉዝ ጥሎ ሄዷል፣ አንዴማ የገዛ ረዳቱን ሽንት ቤት ጥሎት ሄዶ ሰውዬው የጭነት መኪና ለምኖ ነው የደረሰበት። እሱ ራሱ ግን በሃያ ደቂቃ በልቶ ጨርሶ አያውቅም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው እሱ ጠግቦ አፉን ሲጠርግ ነበር።

የሹፌር ሰሃን የሚባል ነገር አለ። መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ያለ አውቶቡስ አይኖርም፤ አውቶቡስ ደግሞ የሚቆመው ሹፌሩ ደስ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ ሹፌሩን ከጓዳ በኩል ያለች ክፍል ያስገቡትና ከሥጋው ምርጡን፣ ከዳቦው ትኩሱን፣ ከመጠጡ ቀዝቃዛውን ያቀርቡለታል። ሳንቲም አይጠይቁትም፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞላቸው መጥቷላ። ውጭ የተቀመጠው ሰው ቀጭን ሾርባ በውድ ዋጋ እየገዛ የሹፌሩን ጥብስ ይከፍላል፤ አያውቅም እንጂ። የእህቴ ባል ከሃያ ዓመት በላይ ከዚህ ሰሃን በላ። አንገቱ ከትከሻው ጋር ተዋሐደ፣ ሆዱ መሪውን መንካት ጀመረ፣ እሱም «ሹፌር ካልከበደ ፍሬን አይዝለትም» እያለ ይቀልድ ነበር።

ቤቱ ውስጥስ? ቤቱ ውስጥ ድንችና ሩዝ ነበር፤ ሲለወጥ ሩዝና ድንች። ወር በገባ ቁጥር የአስቤዛውን ብር ለእህቴ ሲሰጣት «እኔ እዚህ አልበላ፤ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል?» እያለ ይቀንስባታል። እኔ ባል የለኝም፤ ፀጉር እሠራለሁ፤ እነሱ ግቢ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው የምኖረው። ስለዚህ ይሄን የሰማሁት ከሰው አፍ ሳይሆን በግድግዳ ነው። መንገድ ውሎ ሲመጣ ሸሚዙ የጥብስ ሽታ ይሸት ነበር። እህቴ ያንን ሸሚዝ ታጥባለች። ልጃቸው ትንሽ እያለች የአባቷን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታሸት አግኝቻታለሁ። ናፍቃው መሰለኝ፤ ለካ ርቧት ነው።

እህቴ ይሄንን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው አንድ ቀን ነው። እናታችን ታማብን ልንጠይቃት እህቴ፣ ልጅቷና እኔ በእሱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ለምሳ ሲቆም ተከትለነው ገባን። መቼም አባት ነው፣ ባል ነው፤ ሰው ምን ያስባል? ክፍሏ በር ላይ ስንደርስ ሰሃኑ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ሥጋው ገና ይንጫጫል። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጨዋ ሴት ናት፣ እኛን አየችና «እነዚህስ ካንተ ጋር ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። ሃያ ደቂቃ ቀና ብሎ አየን። እህቴን አያት፤ ልጁን አያት።

«አይደሉም፣ ተሳፋሪ ናቸው» አለ። «ውጭ ይስተናገዱ።»

ከዚያ በእግሩ በሩን ገፋው። ውጭ ወጣንና እህቴ አንድ ሾርባ ገዝታ ለልጅቷ አጠጣቻት፤ ለእናታችን ከያዝነው ዳቦ ቆርሳ ጨመረችላት። እኛ አልበላንም። ልጅቷ በሩን እያየች «አባዬ አላወቀንም?» አለች። እህቴ «ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነው» አለቻት። ስንመለስ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ልጅቷ አድጋ አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች በኋላም አልተነፈሰችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቆሞ ያየ ደግሞ ከተወጋውም የባሰ አይረሳም፤ እኔ ነኝ ምስክር።

ጥብሱም አልረሳውም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱን እየነዳ ዓይኑ ብዥ አለበት። እንደምንም ዳር አስይዞ አቆመ፤ ይሄን ለጽድቁ እቆጥርለታለሁ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ የደም ግፊቱ ሰማይ ነክቷል። ሐኪሙ «እንዴት እስካሁን በሕይወት ኖሩ?» አለው አሉ። መንጃ ፈቃዱ ታገደ። ባለ አውቶቡሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከሚቀጥለው የጤና ምርመራ ተተኪ ሹፌር አስቀምጦ ሊጠብቀው ቃል ገባለት። ምርመራውን ካለፈ አውቶቡሱ የእሱ ነው፤ ከወደቀ ግን የተተኪው ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ደመወዝ የለም፤ ያልነዳ ሹፌር ምን ይከፈለዋል?

እህቴ ተነሥታ ሥራ ፈለገች። በዕድሜዋ ደመወዝ ተቀብላ አታውቅም። አንዲት ደንበኛዬ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፤ ፀጉሯን እየሠራሁ ለመንኳትና እህቴ የሕሙማን ምግብ የሚበስልበት ወጥ ቤት ገባች። እዚያ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱ በሽተኛ ትሪ ላይ ካርድ ይቀመጣል። ነጭ ካርድ ያለው እንደ ማንኛውም ሰው ይበላል። ቢጫ ካርድ ያለው ስኳር የለውም። ቀይ ካርድ ያለበት ጨውም ቅባትም አይነካም። ቀይ ካርድ ያለበት ትሪ ላይ የተሳሳተ ጭልፋ ያሳረፈች ሴት በዚያው ቀን ሽርጧን አውልቃ ትወጣለች፤ ይቅርታ የለም። ሌሎቹ ቀይ ካርድ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ እህቴ ግን ወደደችው። በወሩ ቀዩን ረድፍ በሙሉ ለእሷ ሰጧት።

የመጀመሪያውን ደመወዟን በተቀበለች ቀን ከወጥ ቤቱ የተጣለ፣ ጠርዙ የተላጠ አንድ ቀይ ካርድ ይዛ መጣች። የሃያ ደቂቃን ምሳ በትሪ አቀረበችለትና ካርዷን ከሰሃኑ ጎን አቆመቻት። ሰሃኑ ላይ የተቀቀለ ካሮት፣ የተቀቀለ ድንች፣ መዳፍ የማትሞላ የዓሣ ቁራጭ አለች። ቀመሰና ፊቱ ተኮማተረ።

«ጨዉን ረስተሽዋል።»

«አልረሳሁም፤ ሐኪሙ ነው የረሳው» አለችና ሳቀች። «በሞቴ ብላ። ለጤናህ ነው።»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ለእሷና ለእኔ በደመወዟ የገዛችውን ሥጋ በሽንኩርት ጠበሰችው። ጨዉን በጣቶቿ ቆንጥራ ከላይ ስትበትን ድምፁ ይሰማል፤ እሱ በተቀመጠበት ሆኖ ይሰማዋል። በሩን ልዘጋ ብነሣ እጄን ያዘችኝ። እሱ ያን ጊዜ ዘግቶ ነበር የበላው፤ እህቴ ግን ክፍት አድርጋ መብላት ፈለገች። በላን። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ሥጋ የለም። እሱ ካሮቱን በሹካ እያገላበጠ አንገቱን አላቀናም።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። የሚገርመው ማንም ሊወቅሳት አለመቻሉ ነው። ጎረቤቶች «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች፤ እንደ ሕፃን ነው የያዘችው» እያሉ ያመሰግኗት ነበር። የእሱ እህት ሳትቀር መጥታ እጇን ስማት ሄዳለች። እሱ ምን ብሎ ይክሰሳት? «ሚስቴ ሐኪም ያዘዘልኝን ሰጠችኝ» ይበል? በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ በቀል እዳ የለውም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ወጥ መሥራት ግን እንዴት አድርጎ እንደሚሆን እህቴ አሳየችኝ።

ሰውዬው ቤት መዋል አያውቅበትም ነበር። በልማዱ ጎህ ሳይቀድ ይነቃል፤ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሚሄድበት የለም። መንገድ ላይ መኪና በኃይል ሲያቆም የእሱም እግር ወለሉን ይረግጣል። ሸሚዙን ራሱ ሊያጥብ ተነሥቶ የነጩን ማንጫ ከሰማያዊው ላይ ደፋበትና ደመና አስመሰለው። ፀጉሩን ሊቆረጥ ብር ቢጠይቃት እህቴ የታክሲውን ብቻ ሰጠችውና ቀሪውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። «እቤት ነው የምትውለው፤ ምን ያደርግልሃል?» አለችው። የገዛ ቃሉ ነበር። አላወቀውም። ፀጉሩን እኔ ቆረጥኩለት፤ ከኋላ ትንሽ አበላሸሁበት።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ የተላከልኝን የፀጉር ቀለም ልቀበል መናኸሪያ ሄጄ አየሁት። እዚያ ሹፌሮች ተራ እየጠበቁ የሚቀመጡበት ምግብ ቤት አለ። ሃያ ደቂቃ የድሮው ወንበሩ ላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጧል። ድሮ እሱ ሲገባ ባለቤቱ እየሮጠ ነበር የሚቀበለው። አሁን አስተናጋጁ ሳይጠይቀው አንድ ሻይ አመጣለት። ሰውዬው ወደ ጓዳው እያየ ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ጥብሱ ሲወጣ አፍንጫው ተከተለው፤ ሰሃኑ ግን አጠገቡ አልፎ ተተኪው ሹፌር ፊት አረፈ። ከዚያ አስተናጋጁ መጥቶ የሻይ ሒሳብ ጠየቀው። ኪሱን ዳሰሰ፤ በዚያ ቤት ኪሱን ሲዳስስ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ለካ ሰሃኑ ለአውቶቡሱ ነበር እንጂ ለእሱ አልነበረም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባል የለ? እኔ ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ እስኪወጣ አየሁትና አንጀቴ ራሰ። ለእህቴ ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ከፍሎ ወጣ?» ብቻ አለችኝ። «ከፍሎ ወጣ» አልኳት። «እንግዲህ እንደ ሰው መክፈል ጀመረ» አለች።

ግን አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሰውዬው ዳነ! ጨው አልባው ካሮት፣ ቅባት አልባው ድንች ሥራውን ሠራ። ሆዱ ገባ፣ አንገቱ ከተደበቀበት ወጣ፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ተወ። ሐኪም ቤት ወረፋ የመጠበቅ ትዕግሥት ስለሌለው ግፊቱን ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ይለካና ቁጥሩን የያዘውን ብጣሽ ወረቀት እህቴ ለሐኪሙ ታሳያለች፤ መድኃኒቱንም የምታመጣለት እሷ ናት። አንድ ቀን ሐኪሙ በምግብ ማስተላለፊያው መስኮት በኩል አንገቱን አስግጎ ጠራት። የባለቤቷ ግፊት በጥሩ ሁኔታ መውረዱን ነገራት። ከእንግዲህ ትንሽ ጨው፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ስብ የሌለው ሥጋ ቢበላ ችግር እንደሌለው ነገራትና «ደስ እንዲለው ዛሬውኑ ንገሪው» አላት።

«እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ማታ ያው ካሮት፣ ያው ድንች ቀረበ። ቀይ ካርዷም ከጎን ቆማለች። እኔ ጓዳ ውስጥ «መቼ ነው የምትነግሪው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። «ሲያስፈልግ» አለችኝ። ዝም አይነቅዝም። ሳምንታት አለፉ፤ አልነገረችውም። እሱ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ መድኃኒት እየዋጠ ሲያመሰግናት እሷ «ይስማማህ» ትለዋለች።

ምርመራው ሲቃረብ ሃያ ደቂቃ ተለወጠ። ማፏጨት ጀመረ። ጫማውን ቀባ፣ የሹፌር ጃኬቱን አውጥቶ አናፈሰ፣ የሰፋበትንም እኔ ወስጄ ለልብስ ሰፊ ሰጠሁለት። ስልክ እየደወለ በየመንገዱ ላሉት ምግብ ቤቶች እንደሚመለስ አበሰራቸው። ከዚያ አንድ እሑድ፣ እህቴ የሥራ ሽርጧን ስትተኩስ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ምርመራውን እንዳለፈ ሥራዋን እንድትተው ነገራት። የሹፌር ሚስት ባሏ በገባ ሰዓት ውኃውን አሙቃ፣ ልብሱን አጥባ መጠበቅ አለባት፤ የማያውቁትን በሽተኛ ስታበላ መዋሏ ይበቃል። ደመወዙ ሲጀምር የአስቤዛውንም እንደ ድሮው ራሱ ይቆርጣል። ይሄን ሁሉ የተናገረው በደግነት ነው፤ ያሳረፋት መስሎት ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

በዚያ ሳምንት ወጥ ቤቱ እህቴን የፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጋት ጠይቋት ነበር። ለእሱ አልነገረችውም፤ እንዲያው «እሺ» አለችው። የእህቴን «እሺ» አውቀዋለሁ። እንደ እናታችን እሺ ነው፤ ሲሰሙት ለስላሳ፣ ሲረግጡት አለት።

በማግስቱ ፀጉሯን ልሠራላት ሱቄ መጣች። ልቤ ይነድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፤ ሰውዬው ካለፈ እህቴ ወደ ድንችና ሩዝ ትመለሳለች፤ ከወደቀ ትድናለች። ማበጠሪያውን ይዤ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አልኩና፣ ከአሁን እስከ ምርመራው ቀን ሾርባው ውስጥ ጨው ጣል እንድታደርግበት መከርኳት። ስንት ወር ሙሉ የለመነው እሱ ነው፤ በልቶ ይመርቃታል እንጂ ምን ይላል? በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ዓይኔን ያዘው። እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም።

«ስሚ» አለችኝ። «ቀይ ካርድ ያለበት ሰሃን ላይ እጄን አላበላሽም። ለማንም ቢሆን። ሥራዬ ነው፤ ከዚህ በፊት የራሴ የሆነ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። በጨው ከገደልኩት እኔም ሽርጤን አውልቄ መውጣቴ ነው።»

«ታዲያ ይለፍ ነው የምትዪው?»

«ፀጉሬን ሥሪልኝ» አለች።

ተስፋ ቆረጥኩ። ይቅር ብላዋለች አልኩ በልቤ። አንዳንድ ሴት እንዲህ ናት፤ ዓመት ሙሉ ትስልና በመጨረሻ ቢላዋውን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች።

የምርመራው ቀን ጠዋት ሦስታችንም ሄድን፤ እኔን ማንም አልጠራኝም፣ ራሴን ጠርቼ ነው። የሹፌሮች ምርመራ የሚደረግበት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የዓይን መፈተሻ ፊደላት። ዓይኑ አለፈ። ጆሮው አለፈ። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ አሰረችና ነፋችው። ቁጥሩን አይታ ፈገግ አለች።

«ጎበዝ አባት! ግፊትዎ ልክ ነው። ደንቡ ሁለት ጊዜ ስለሆነ ትንሽ ይረፉና እንደግመዋለን» አለችና ሌላ ሰው ልታይ ወጣች።

ሃያ ደቂቃ ገና በሩ ሳይዘጋ ስልኩን አወጣ። ባለ አውቶቡሱ ጋ ደውሎ ከነገ ጀምሮ ቁልፉን ከተተኪው እንዲቀበልለት ነገረው። ቀጥሎ ደግሞ ወደዚያ ምግብ ቤት፣ በእግሩ በር ወደ ገፋበት፣ ደወለና ከነገ ወዲያ ለምሳ እንደሚደርስ፣ ሥጋው ከጎድን እንዲሆን አዘዘ። ጨው በደንብ ይግባበት አለ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እህቴ ዞረ።

«ዛሬውኑ ሄደሽ ሽርጡን መልሺላቸው» አላት።

እህቴ ወንበሯን ስባ ተጠጋችው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ወትሮዋ፣ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ዶክተሩ ጨው ከፈቀደልህ ቆይቷል።»

«ምን?»

«ትንሽ ጨው። ሥጋም በሳምንት አንድ ቀን። ዛሬውኑ ንገሪው ብሎኝ ነበር። አልነገርኩህም።»

ሰውዬው የቀለደችበት መስሎት ፈገግ ሊል ፈለገ፤ ፊቱ እምቢ አለው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ? ያንን ካሮት ስታበዪኝ? በሩን ከፍታችሁ እያላመጣችሁ?» እኔን አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። «ለምን?» አለ።

«ተሳፋሪ ስለሆንክ» አለችው። «ተሳፋሪ የቀረበለትን ነው የሚበላው።»

«የምን ተሳፋሪ?» አለ።

ረስቶታል! እግዜር ያሳያችሁ፣ ጨርሶ ረስቶታል። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችው፤ የበሩን ቀለም፣ የሥጋውን መንጫጫት፣ ልጅቷ «አባዬ አላወቀንም?» ማለቷን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ሃያ ደቂቃ ሲሰማ መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት በሩ ተከፈተና ነርሷ ገባች። መለኪያውን አሰረችለት። እህቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች።

ነርሷ ቁጥሩን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ፈትታ እንደገና አሰረችው። እንደገና ነፋችው። «ምን ሆኑ አባት? አሁን ደህና አልነበሩ?» አለች። ትንሽ አቆይታ ደገመችው፤ ባሰበት። እኔ ዳር ቆሜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ድንች፣ ያቺ ልጅ ሸሚዝ ስታሸት። ነርሷ ወረቀቱ ላይ ጻፈችና በዚህ ሁኔታ ማሽከርከር እንደማይፈቀድለት፣ መድኃኒቱም መለወጥ እንዳለበት በትሕትና ነገረችው። ሁለቱን ቁጥሮች ሳይ ከጨው የበረታ ነገር መኖሩን ተማርኩ።

ቁልፉ ለተተኪው ቀረ። እህቴ በዚያው ሳምንት የፈረቃ ኃላፊ ሆነች፤ ጨውም እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ልክ እየመጠነች ታቀርብለት ጀመር። አሁን ግን እሱ አልነካውም። ከእሷ እጅ ላለመብላት ደረቅ ዳቦ በሻይ እየበላ ከረመ። እሷን አለማናገሩንም ሁላችንም ለመድነው። አሸንፋለች፤ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። አንድ ቀን እህቴ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ የተቀቀለ ነገር ይሸታል። ሃያ ደቂቃ ገበያ ወርዶ፣ ድንቹን ልጦ፣ ካሮቱን ከትፎ፣ ጣቱንም ቆርጦ ምግብ ሠርቷል። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሰው ሰሃን ቀርቧል። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ ለእህቴ ሰው ሰሃን ሲያቀርብላት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ወንበሩን ሳበላት። ተቀመጠች። ቀመሰች።

አንዲት ቅንጣት ጨው የለበትም።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችው። ከምርመራው ቀን በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገራት።

«በሞቴ ብዪ» አላት። «ለጤናሽ ነው።»

እህቴ ማንኪያዋን አነሣች። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ በላችው። ሰሃኑን በዳቦ ጠረገችና «እጅህ ይባረክ» አለችው። በማግስቱ ተራው የእሷ ነበር፤ እሷም ጨው ሳታደርግ ሠራች፤ እሱም ጨርሶ «እጅሽ ይባረክ» አላት። የጨው ዕቃው መካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሐኪሙ ሁለቱንም አልከለከላቸውም፤ ግን እጁን አስቀድሞ የሰደደ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ሁለቱም እጃቸውን አይሰዱም። እኔ እዚያ ቤት መብላት ትቻለሁ፤ ምሳዬን ሱቄ ነው የምበላው። ሐኪሙ ባለፈው ሰሞን ሁለቱንም ለክቷቸው በጣም ተደስቷል። ግፊታቸው የልጅ ግፊት ነው፤ ልባቸው እንደ ሰዓት ይመታል፤ በዚህ አያያዛቸው ገና ብዙ፣ በጣም ብዙ ዓመት አብረው እንደሚኖሩ ነግሯቸዋል።